ባሌ በባዶው ጎል ፊት የቆመ ዕለት

ድምፁ የሚያምር ሰው አላምንም። ስጦታውን በአደባባይ የሚያበዛ ሰውም አላምንም። «አንቺ ደግሞ ጥርጣሬሽ በዛ» ይሉኛል፤ ይበሉ። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ልክ ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ የስፌት ማኪና ተክሎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ቢጠረጥር ምን ይገርማል?

ድምፅ ማጉያውን የሰቀሉት ጣሊያን ወጥቶ ከተማው አረፍ ካለ በኋላ ነው። የአዲስ አበባው ሬድዮ አመሻሹ ላይ በሱ ይለቀቅ ነበር። ከሬድዮው ሰዎች ሁሉ አንዱ፣ የስፖርት ወሬ የሚያወራው፣ ከተማውን አሳብዶት ነበር። መልኩን ያየ የለም፤ ድምፁ ግን ማር ነው። እሱ ሲጀምር ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ያስቀምጣል። ኳስ ከምን እንደሚሠራ የማያውቁት ሴቶች እንኳ የሚያያቸው ይመስል ነጠላቸውን አስተካክለው ይቆማሉ። እኔ እየሰፋሁ እሰማዋለሁ። ያሸነፈውን ሁሉ ያወድሳል፤ የተሸነፈውን ሁሉ ያላግጥበታል። አንድ ቀን «ይኸ ሰውዬ ጨዋታውን ያየዋል ወይስ ማን እንዳሸነፈ ብቻ ነው የሚነግሩት?» ብል ሳቁብኝ።

ሌላው የከተማው ኩራት ባለማኪናው ነበር። ካሚዮን በብዛት የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚጠራው እንዲያ ነው። እህሉን የሚጭነው እሱ፣ ወፍጮው የሱ፣ ቆርቆሮውን የሚያመጣው እሱ። ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፣ ለትምህርት ቤት ሰጠ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይሰጣል። ግን ሲሰጥ ሁልጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ሠራተኞቹን «ልጆቼ» ይላቸዋል። ባሌ የሱ ሹፌር ስለነበር ከልጆቹ አንዱ መሆኑ ነው። ነገሩ ያልገባው ሰው ይኸን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። እኔ ግን አስተውላለሁ፤ ጭነት በሰላም ሲገባ «ልጄ» ያለውን ሰው፣ ጎማ ሲፈነዳ «ያ ሹፌር» ነው የሚለው። ይኸን ለባሌ ስነግረው «እባክሽ እንጀራችንን አትራገሚብን» ይለኝ ነበር።

ታዲያ ባለማኪናው የኳስ ቡድን አቋቋመ። ማሊያው ከአሥመራ፣ ጫማው ከአሥመራ። የእኛ ሰፈር ልጆችም ቡድን ነበራቸው። የነሱን ማሊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከተረፈ ቀይ ጨርቅ፤ የአንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝም ነበር። ባሌ የሚጫወተው ለሰፈሩ ነው። ባለማኪናው ወደኔ ቡድን ና ቢለው «ጌታዬ፣ በሥራ የእርስዎ ነኝ፤ በኳስ ግን የሰፈሬ ነኝ» አለው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ አሉ። ያ ሳቅ አልጣመኝም።

ሁለቱ ቡድኖች የሚገጥሙበት እሑድ ሲደርስ ያ ድምፀ ማር የሬድዮ ሰው ራሱ መጣ። የጋበዘው ባለማኪናው ነው፤ ያረፈውም እሱ ቤት ነው። ሴቶቹ ሊያዩት ወጥተው አኩርፈው ተመለሱ፤ ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚሄድ፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። እኔ መልኩ ምን ገዶኝ። «የማንን ጠጅ እየጠጣ የማንን ጨዋታ ሊያወራ ነው?» ነው ያልኩት። ጎረቤቴ «ኧረ ዝም በይ፣ እንግዳ ነው» ብላ ቆነጠጠችኝ።

ሜዳው ከግንቡ በታች ነው። ከቅዳሴ መልስ የከተማው ሰው ዙሪያውን ሞላው። ሸክላ ሠሪዎቹ የወለቃ ሴቶች ሰው ተሰበሰበ ሲባል ሰምተው ገንቦና ድስታቸውን ከሜዳው ጠርዝ ደርድረዋል። ባለማኪናው ወንበር አስመጥቶ ከሬድዮው ሰው ጋር ተቀመጠ። ጨዋታው እንደ ጀመረ የባለማኪናው ልጆች ያን የአሥመራ ጫማ የኛን ልጆች ቅልጥም ላይ ሞከሩት። ይጠልፋሉ፤ ጠልፈውም እጃቸውን ዘርግተው «ምን አደረግሁ?» ይላሉ። ደግሞ እነሱን ነካ ያደረጓቸው እንደሆነ መሬት ላይ ተንከባልለው እዬዬ ነው። ፊሽካ ሲነፋላቸው ተነሥተው ይሮጣሉ። ፊሽካ የያዘው የትምህርት ቤት አስተማሪ ወደ ወንበሩ እያየ ነበር የሚነፋው። ደሜ ፈልቶ ነበር።

እንዲያም ሆኖ እኩል ለእኩል ቆዩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱ ለባሌ ደረሰው። አንዱን አለፈ፤ ሁለተኛውን አለፈ። በረኛው ወጥቶ ሊይዘው ሲል ስቶት በግንባሩ ተደፋ። ጎሉ ባዶ ሆነ። ሕዝቡ ብድግ አለ፤ እኔም ጫማዬን ጥዬ ተነሣሁ። ይኸኔ ነው ከሰዉ መካከል አንድ ጎርናና ድምፅ የጮኸው።

«በሕግ አምላክ!»

ያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም ነበር። ነፍስ ገዳይም ቢሆን፣ የሚያሳድደው ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ያን ቃል ከሰማ ይቆማል። ቆሞ ከጠራው ሰው ጋር ወደ ዳኛ ይሄዳል። ግን ኳስ ሜዳ ላይ! ባሌ ቆመ። ኳሱን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ ባዶው ጎል ፊት፣ ደረቀ። «ምታው! ምታ እንጂ!» እያልን ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮኽን። በረኛው ተነሣ፣ አፈሩን አራገፈ፣ ኳሱን ከባሌ እግር ሥር አንሥቶ አርቆ ለጋው። ወዲያ ማዶ የነሱ ልጆች አገቡት፤ ፊሽካው ተነፋ፤ ተሸነፍን።

«ምነው? ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ወደ ቤት ስንሄድ «ስንት ሰጡት?» ወደሚለው ዞሮ ነበር። እቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ።

«ማነው የጠራህ?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«በሕግ አምላክ ተባለ።»

«አንተን ነው? ምን አጥፍተህ?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ባሌ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር፤ ዝምታው ሌላ ነገር አሳሰበኝ።

በሳምንቱ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። የሬድዮው ሰው ባለማኪናውን «የስፖርት አባት» ብሎ አወደሰው። ከዚያ ያን የማር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀና «አንድ አጥቂ ደግሞ ባዶ ጎል ፊት ሐውልት ሆኖ ቆመ። ሕግ አክብሬ ነው ይላል አሉ፤ የትኛውን ሕግ እንደሆነ ኪሱ ያውቃል» አለ። ፒያሳው በሳቅ ፈረሰ። መርፌው ጣቴን ወጋው፤ ጨርቁ ላይ ደሜ ሲንጠባጠብ እንኳ አላየሁም። ባሌን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው እኮ የሚስቁት!

ይባስ ብሎ ባለማኪናው ሠራተኞቹን ሰብስቦ በሁሉም ፊት አዲሱን ካሚዮን ለባሌ ሰጠው። በሊማሊሞ ወርዶ በአዲ አርቃይ አድርጎ ትግሬ አገር የሚዘልቀውን ረጅሙን መንገድ፣ ከሱ በፊት የተቀጠሩ ሹፌሮች የሚመኙትን። «ይኸው!» አለ ከተማው። የጥርጣሬው ማኅተም ተመታ። የማኅበር ዕለት አጠገቡ የሚቀመጡት ሰዎች ወዲያ ወዲያ ተሳቡ። የሰፈሩ ልጆች የሰፋሁላቸውን ቀያይ ማሊያዎች በጥቅል አምጥተው በረንዳዬ ላይ ጣሉልኝ። የሱን ለይተው ከላይ አድርገውታል። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ሸጠህ እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት። «ከሰው አፍ ከምሰማው ካንተ ልስማ።»

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ይኸ አዲስ ካሚዮን ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ፤ ይኸን ሲል ግን የሚያየው መሬት መሬቱን ነው። በማግሥቱ ጭኖ ሄደ። አልሸጥኩም ማለቱን ሆዴ ይቀበለዋል፤ መሬት ማየቱን ግን አልቀበለውም። አንድ የደበቀኝ ነገር አለ አልኩ።

ስለዚህ የጮኸውን ሰው ፍለጋ ተነሣሁ። እሱ ከተገኘ ነገሩ ይገለጣል። ጎንደር ላይ ደግሞ አስተያየት የሌለው ሰው የለም! ሥጋ ሻጩ «የጮኸው በረኛው ራሱ ነው፤ ወድቆ ስለነበር አፉ አልታየም» አለ። የጎረቤቴ ባል «የባለማኪናው ደላላ ነው፤ ከባልሽ ጋር ተመካክረው ነው» አለኝ ፊት ለፊቴ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ። አንዲት ጠጅ ሻጭ ደግሞ የሬድዮው ሰው ድምፁን ለውጦ ጮኾ ይሆናል አለች። እውነቴን ነው፣ ይኸንን ብዙ አሰብኩበት። ከሱ የማይጠበቅ ነገር አልነበረምና።

በመጨረሻ ትዝ ያሉኝ የወለቃ ሴቶች ናቸው። እነሱ ኳሱን ሳይሆን ሸክላቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወለቃ ድረስ ሄጄ ገንቦ እየመረጥኩ አንዷን ጠየቅኋት።

«አጠገባችን ነበሩ እኮ» አለችኝ። «ከወገራ የመጡ ሽማግሌ፣ ባና የደረቡ። በዱላቸው ገንቦዬን እንዳይሰብሩብኝ ሳያቸው ነበር። ጀርባቸውን ለኳሱ ሰጥተው ነው የጮኹት።»

«ጀርባቸውን ሰጥተው? ታዲያ ለማን?»

«ለዚያ ለጌታው። እሳቸውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ማኪናው ሄደ። ኋላ ኋላው እየተከተሉ ነው በሕግ አምላክ ያሉት።»

«እሱስ ቆመ?»

«እሱማ በሩን ከፍቶ ገባ» አለች። ገንቦውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ሽማግሌው ከፍርድ ቤቱ በር እንደማይጠፉ ነገረችኝ፤ እውነትም እዚያው አገኘኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገን፣ ልጄ። አንቺም ነገር አለብሽ?»

«የለብኝም። በኳሱ ዕለት የጮኹት እርስዎ ነዎት?»

ሳይደብቁ ነገሩኝ። ከዳባት ወዲህ መንገድ ሲያቋርጡ የባለማኪናው ካሚዮን አንዱን የእርሻ በሬያቸውን ገድሎ፣ ሳይቆም ነጎደ። የዘር ጊዜ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል? የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ሰው ካረሰ በኋላ እየጠበቁ፣ ማሳቸው ግማሹ ጦም አደረ። መጥሪያ ሲላክ ባለማኪናው ሁልጊዜ የለም ይባላል። «ኳስ ሜዳ አለ ሲሉኝ መጣሁ። በሕግ አምላክ አልኩት። ትልቅ ሰው ነው፣ ይቆማል ብዬ» አሉኝ። ስለ ኳሱ ስጠይቃቸው «እኔ ኳስ ምን እንደሆነ የት አውቄ» አሉ። የቆመ ሰው መኖሩንም አያውቁም።

«ምስክር የለዎትም?»

«አንድ ሰው ነበረ። ከኋላ በሌላ ካሚዮን የመጣ ሹፌር። ሸጋ ሰው። ወርዶ በሬውን ከመንገዱ አብሮኝ ጎተተ፤ ካፖርቱ ደም በደም ሆነ። እመሰክርልዎታለሁ ብሎኝ ነበር፤ ቀረ። ስሙን አልጠየቅሁት። ብቻ የካፖርቱ ቁልፎች ጥቁር ሆነው አንዱ ነጭ ነበር።»

ያን ነጭ ቁልፍ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ጥቁር አልቆብኝ። ያን ደም ያጠብኩትም እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ በግ ሲታረድ አገዝኩ ብሎኝ። ለሽማግሌው ምንም አላልኳቸውም። «አያ፣ በቀጠሮዎ ቀን እንዳይቀሩ» ብያቸው ሄድኩ።

ባሌ ከአዲ አርቃይ አቧራ ለብሶ ሲገባ ካፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ነጩን ቁልፍ ወደ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። አየው። ቁጭ አለ።

«ድምፃቸውን ዐወቅሁት» አለኝ። «ለእኔ መሰለኝ። የጠሩት እኔን መሰለኝ።»

ጉዱ ሁሉ ወጣ። በሬውን የገደለው ሹፌር ጓደኛው ነው። ባለማኪናው ባሌ ማየቱን ሰምቶ ሁሉንም ሰብስቦ «ልጆቼ፣ ስለዚያ በሬ የተነፈሰ ከቤቴ ይወጣል» ብሏቸዋል። አዲሱ ካሚዮን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየቀጠሮው ዕለት ጭነቱ ለባሌ ይደርሰዋል። «ከከተማ ሊያርቀኝ እንደሆነ ገብቶኛል» አለ።

«ሌላውስ አልገባህም?» አልኩት። «ኳስ ሸጠ ሲሉህ አንድ ቀን እንኳ ሐሰት ነው ያለልህ አለ? የሬድዮው ሰው ከማን ቤት ተነሥቶ ሄዶ ነው ያን ያወራው? ኳስ የሸጠ ሰው ቢመሰክር ማን ያምነዋል!» ይኸን አላሰበውም ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። «እኔ ስለ ኳስ ከአገር ጋር ስሟገት አንተ በሬ ደብቀህ ተኝተሃል!» ብዬ ካፖርቱን ወረወርኩበት።

«እንጀራችንስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ እየሰፋሁ እንበላለን» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

የቀጠሮው ዕለት ባለማኪናው ራሱ መጣ። ምስክር ስለሌለ መዝገቡ ይዘጋል ብሎት ነው ጠበቃው፤ ሲዘጋ ሊያይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ። ባሌ የዚያን ዕለት ጭነቱን ትቶ ከኋላ በር ሲገባ ሲያየው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ጠበቃው ግን ቶሎ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ይኸ ሰው ለምስክርነት አይበቃም። ጨዋታ የሸጠ መሆኑን ሬድዮ የተናገረበት ነው።»

ሬድዮ! ችሎቱ ጉምጉም አለ። ሬድዮ ያለውን ማን ያስተባብላል? ዳኛው ባሌን ቀና ብለው አዩት።

«ለምን ቆምክ?»

«በሕግ አምላክ ሲባል ሰማሁ፣ ጌታዬ።»

«ላንተ ነበር የተባለው?»

«ለእኔ አልነበረም። ግን እኔም የምጠራበት ነገር ነበረብኝ።»

ይኸኔ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ካፖርቱን አዩ፣ ነጩን ቁልፍ አዩ።

«ቆይ እስቲ፣ ስጮኽ ቆመ ያላችሁት ይኸ ልጅ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩና በዱላቸው ወደ ባለማኪናው አመለከቱ። «ጌታዬ፣ እኔ የጠራሁት ያንን ነው፤ እሱ ሄደ። ይኸ ሳልጠራው ቆመ። ከሁለቱ የማንን ቃል እንደሚያምኑ እንግዲህ እርስዎ ይወቁ።»

ባለማኪናው ጫማውን ያይ ነበር። «ምስክሩ ይሰማ» አሉ ዳኛው።

ሽማግሌው በበሬያቸው ፈንታ በሬ ተፈረደላቸው። ባሌ የካሚዮኑን ቁልፍ በዚያው ቀን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ባለማኪናው «ልጄ ነበርክ» አለው አሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ያ የሬድዮ ሰው ቃሉን ያርም እንደሆነ ብዬ ከድምፅ ማጉያው ሥር ብዙ ሳምንት ጆሮዬን ጣልኩ። የስፖርት አባት አዲስ ዋንጫ ሊሸልሙ ነው አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። ማሊያዎቹን ግን ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው መጥተው ወሰዱ። አንዷን እንኳ በነፃ አላስተካከልኩላቸውም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሽማግሌው ኳስ የሚሉት ምን እንደሆነ ልየው ብለው ከወገራ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። ባሌ እንደ ልማዱ አንዱን አልፎ፣ ሌላውን አልፎ ወደ ጎሉ ሲሮጥ ከኋላችን አንድ ዋልጌ ጎረምሳ ለቀልድ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

ባሌ ቆመ። ኳሱን ነጠቁት። ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ራሱን እያከከ ይስቅ ጀመር። ሽማግሌው ግን ደንግጠው ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ።

«ምነው ቆመ? ደግሞ ማን ከሰሰው?»

ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

«ይቁም፣ አያ» አልኳቸው። «ተዉት፣ እሱ ይቆማል።»